ወጥ ቤቱ የት ነበር መሰላችሁ?

ግልጽ ደብዳቤ

በጅማ የጥቅምት 15ን የሠራዊት ቀን ለምታዘጋጁ፣
በዚያ ቀን ለምትጠሩ የቀድሞ የሠራዊት አባላት፣
ዛሬም የደንብ ልብስ ለለበሳችሁ ልጆቻችን፣

ጤና ይስጥልኝ። ክረምቱን እንዴት ከረማችሁ? የጅማ ዝናብ መስከረም ጠባ ብሎ የሚያቆም አይደለምና ይህን የምጽፈው ጋራዤ ውስጥ፣ ከሚያፈሰው ቆርቆሮ ስር ባልዲ ደቅኜ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩበት ወረቀት ግራሶ በግራሶ ስለሆነ ልጄ ናት በስልኳ የገለበጠችው። ስህተት ካገኛችሁበት ግን የእኔ ነው። ይህን ለወግ ያህል አላልኩትም፤ ወደ ኋላ ምክንያቱ ይገባችኋል።

ሥራዬ መካኒክነት ነው። ወታደር ቤት በትራንስፖርት ክፍል የከባድ መኪና መካኒክ ነበርኩ፤ ሃምሳ አለቃ ሆኜ ወጣሁ። አሁን አጂፕ አካባቢ ባለችው ጋራዤ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና የሚያመጡ አይሱዙዎችን እጠግናለሁ። ምሽግ ሰብሮ ሜዳሊያ ያጠለቀ ሰው ደብዳቤ መስሎት ማንበብ የጀመረ ካለ እዚህ ላይ ቢያቆም አይከፋኝም።

ባለፈው ዓመት ለጥቅምት 15 ተጠርቼ ነበር። የጠራኝን ቢሮ ስም አላነሳም፣ አዳራሹንም አልናገርም፤ ክስ እየጻፍኩ አይደለም። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ከፊት ጨርቅ የለበሱ ወንበሮችና የታሸገ ውሃ ተደርድረዋል። መድረክ መሪው ወጣት ማይኩን ነካ ነካ አደረገና “ግንባር የተሰለፋችሁ ጀግኖቻችን ወደ ፊት ኑልን፤ በሌላ ሥራ ላይ የነበራችሁ እዚያው በያላችሁበት” አለ። ልጁ ክፋት የለውም፤ ወረቀት ላይ የተጻፈለትን ነው ያነበበው። አሥራ አንድ ሰው ተነሳ። ቆጥሬያለሁ፤ እዚያው በያለህበት የተባለ ሰው ከመቁጠር ሌላ ምን ሥራ አለው? አጠገቤ የነበረው ወዳጄም ተነሳ። እግረኛ ነበር። ቀኝ እግሩ ውስጥ እስከ ዛሬ ብረት አለ፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮኑ ቀድሞ የሚነግረን እሱ ነው። እንግዳ የምታስተናግደው ልጅ ከኋላችን የተቀመጡትን አንዲት እናት ልታስነሳቸው እጃቸውን ስትይዝ፣ ወዳጄ እያለፈ “እሳቸውን ተያቸው፣ ወጥ ቤት ነበሩ” አላት። እውነቱን ለመናገር እንደ ስድብ አላለውም። እንደ መረጃ ነው ያለው።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ “ወጥ ቤቱ የት ነበር መሰለህ?” አሉት።

ወዳጄ ለአፍታ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወደ ፊት ሄደ፤ ንግግሩም ተደረገ፤ ኬኩም ተቆረሰ። እኔ ግን ጥያቄያቸውን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በሌላ ቀን ቡና ጠሩኝና ፈረንጅ አራዳ ካለው ቤታቸው ሄድኩ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ (የጅማ በርጩማ ሲባል የሦስቱን እግር ምሳሌ የሚጠብቅ ካለ፣ አላመጣውም) ወጥ ቤቱ የት እንደነበር አጫወቱኝ። ከምሽጉ ጀርባ በአንዲት ሸለቆ ውስጥ፣ ድንጋይ ተክቦ የተሠራ ነው። ቀን እሳት አይነድም። ጭስ ከታየ የወዲያኛው መድፈኛ ሌላ ምልክት አይፈልግም፤ በዚያው ይለካል። ስለዚህ ወጡ የሚሠራው ሌሊት ነው። ሌሊት ደግሞ ብርሃኑ እንዳይታይ እሳቱ በሸራ ይከለላል፤ ከሸራው ውስጥ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። እርጥብ እንጨት ለቅሞ የመጣ ሰው እዚያ ቤት እንደ ጠላት ነው የሚታየው። ጎህ ሳይቀድ በድስቱ ጆሮዎች እንጨት ይሰካና ሁለት ሰው ተሸክሞት ወደ ምሽጉ ይወጣል። ዳገቱ ላይ ክብደቱ የሚያርፈው በኋለኛው ሰው ላይ ስለሆነ ማን ከኋላ ይሁን የሚለው ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው። “መድፍ ሲመጣ ሰው ይተኛል። ድስት ይዘህስ ወዴት ትተኛለህ?” አሉኝ። ድስቱን ያስቀምጡትና ይተኛሉ፤ ሲነሱ አፈር የገባበትን ከላይ ከላይ ገፍፈው የቀረውን ያደርሳሉ።

እሳቸው ከሁሉ አብልጠው የሚያስታውሱት ግን መድፉን አይደለም። ጨው ነው። አንድ ሌሊት በጨለማ ጨው ጨምረው ኖሮ ረስተው ደገሙበት። ውሃ በቦቴ እየተጓጓዘ፣ ለሰው በኮዳ እየተለካ በሚታደልበት በረሃ ጨው የበዛበት ምስር ወጥ ምን ማለት እንደሆነ የነበረበት ያውቀዋል። ወታደሩ በላው፤ ሌላ ምን ይብላ። ማርፈጃው ላይ “ማነው ይህን የሠራው?” የሚል ጉምጉምታ ሲነሳ እሳቸው ከነሽርጣቸው ምሽጉ ድረስ ወጡና “እኔ ነኝ። በጨለማ ደግሜበት ነው” ብለው የራሳቸውን ኮዳ ለመጀመሪያው ልጅ ሰጡት። አንድ ኮዳ ውሃ ለአንድ ሻምበል ጦር ምን ይሠራል? ምንም። እሳቸውም ያውቁታል። “ባዶ እጄን ሄጄ እኔ ነኝ ማለት አፍሬ ነው” አሉኝ፣ ሁለተኛውን ሲኒ እየቀዱ።

አሁን በዚህ ደብዳቤ ከእግረኛው ወዳጄ ጋር እንዳታጣሉኝ። ሁሉም ሥራ እኩል ነው የምል ሰው አይደለሁም። እኩል አይደለም። ምሽግ ውስጥ የከረመው ሰው የከፈለውን እኔ አልከፈልኩም። እሱ ጓዱን በሸራ ጠቅልሎ ሲያወርድ እኔ ከስንት ኪሎ ሜትር በስተኋላ ካምቢዮ እፈታ ነበር። “ሁላችንም ያው ነን” የሚለው የስብሰባ ንግግር እሱን ይዘርፈዋል፤ ስለዚህ አልናገረውም። የእሱ ሥራ ከባድ መሆኑ ግን የእሳቸውን ሥራ ከሥራ አያወጣውም። ወዳጄ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ቆስሎ በቃሬዛ ያወረዱትን የሁለት ልጆች ስም እስከ ዛሬ እንደ ጸሎት ይደግመዋል። እነዚያ ልጆች በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ቢኖሩ “በሌላ ሥራ ላይ የነበራችሁ” ከተባልነው ጋር ነበር የሚቀመጡት።

ይህ የፊትና የኋላ ነገር ከየት እንደመጣብን እንጃ። ከአባቶቻችን አይመስለኝም። የድሮ ማዕረጎቻችንን ልብ ብላችሁ ስሟቸው፤ የክብር ስም ከመሆናቸው በፊት የሥራና የቦታ ስም ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የቀኝና የግራ ክንፍ መሪዎች፣ ባልደራስ የፈረስ ቤት አለቃ፣ በጅሮንድ የግምጃ ቤት ሹም። ዓድዋ ላይ በመድፍ ስማቸው የገነነው ባልቻ አባ ነፍሶ ያን ጊዜ በጅሮንድ ባልቻ ነበሩ። ግምጃ ቤት ማለት ነው! ከዚያው ዘመቻ ሳንወጣ፣ በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የእንዳየሱስ ምሽግ እንዴት እንደተለቀቀ አስታውሱ። የጣሊያኑን አዛዥ ማጆር ጋሊያኖን ከዚያ ያስወጣው የጥይት ብዛት አልነበረም። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የሚቀዳበት ምንጭ ተይዞበት፣ ውሃ አጥቶ ነው። ቆይቶም ዓድዋ ላይ ሁለቱ ጦሮች ተፋጠው የቆዩት ማን ቀድሞ ስንቅ ያልቅበታል በሚል ጭንቅ ነበር፤ የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲየሪ ስንቅ የጥቂት ቀን ነበር፣ የምኒልክም ጦር እየተራበ ነበር። እኛ በየዓመቱ ስናወራው ግን ጎራዴውና ፈረሱ ይቀራል፣ ምንጩና ድርቆሹ ይረሳል።

ጥቅምት 15ም ቢሆን የሚቆጠረው ከ1900 ዓ.ም.፣ የጦር ሚኒስቴር ከተቋቋመበት ጊዜ ነው። ያኔ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሲሆኑ የገንዘቡም፣ የእርሻውም፣ የጽሕፈቱም ሚኒስትሮች አብረው ነው የተሾሙት። ቀኑ ራሱ ብቻውን አልተወለደም ለማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን ክፍል ልጄ ስትገለብጥ ሁለት ጊዜ ቆማ አይታኛለች።

1992 ዓ.ም. ነው፣ በጋ፤ ከሽሬ ወደ ባድመ ግንባር በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ላይ። አንዲት የውሃ ቦቴ የኋላ ግራ ጎማዋ ተቀዶ መጣች። ሳይመሽ ሞልታ መውጣት አለባት። ሾፌሩ አስር አለቃ ነው፤ እኔ ያኔ ተራ ወታደር ነኝ። ክሪኩን ሰክቼ ጎማውን ቀየርኩ፣ ጎማውን የሚያስሩትን ዳዶዎች በእጄ አስገባኋቸው። ከዚያ ደንቡ በጎማ ቁልፍ ትይዩ ትይዩውን እያደረጉ፣ ሙሉ ክብደትን ጥሎ ማጥበቅ ነው። ግማሹን እንዳጠበቅኩ ወዲያ ማዶ አንድ ኦራል መኪና ካርዳኑ ወልቆ ተጠራሁ። ሄድኩ። ስመለስ ቦቴዋ ከክሪኩ ወርዳለች፣ ሞተሯም ተነስቷል። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለና “ጨርሰሃል?” አለኝ።

“ጨርሻለሁ” አልኩት።

ይህቺን ቃል ውሸት ልበላት አልበላት እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። የጨረስኩም መስሎኝ ነበር፤ ያልጨረስኩም መስሎኝ ነበር። ለማረጋገጥ መጎንበስ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ደክሞኛል፤ አልጎነበስኩም። መካኒክ የሆናችሁ ታውቃላችሁ፤ ጎማ የተቀየረለት መኪና በደንብ ታስሮም ቢሆን ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ቆሞ ዳዶው እንደገና ይጠብቃል፤ ቸርኪው ቦታውን ሲይዝ የሚላላ ነገር አለና። እኔ ሁለተኛውን ቀርቶ የመጀመሪያውንም አልጨረስኩም።

ሌሊቱን ጎማዋ ወለቀች። ቦቴዋ ወደ ፈፋው ተጋደመች፣ የሾፌሩ ግራ ክንድ ተሰበረ፣ ውሃው ፈሰሰ። የሚጠብቀው ምሽግ ነበር። ማንም አልሞተም፤ ግን ያላስገደለው የእኔ ጥንቃቄ አይደለም፤ ሲነጋ ሌላ ቦቴ ስለደረሰ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ግምገማ ተቀመጥን። ወታደር ቤት የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሂስና ግለ ሂስ። ሂስ ላይ ምላሳችን ይሳላል። ግለ ሂስ ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም አንድ ጥቅስ የሸመደድን ነው የምንመስለው፤ “አልፎ አልፎ ሰዓት የማክበር ችግር ይታይብኛል፣ ወደፊት አሻሽላለሁ።” “ዳዶ አላጠበቅኩም” ብሎ ግለ ሂስ ያደረገ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሾፌሩ ክንዱ በጀሶ ታስሮ መሃል ቆመ። በፍጥነት ነድተሃል ተባለ። ያ መንገድ እንኳን ለፍጥነት ለእርምጃም የማይመች መሆኑን ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ያውቃል። ግን ሾፌር ሲባል ወዲያው የሚመጣልን ፍጥነት ነው። መካኒክ ሲባል ነዳጅ መሸጥ ነው፣ ግምጃ ቤት ሲባል ስርቆት፣ ወጥ ቤት ሲባል ሥጋ መደበቅ፣ መገናኛ ሲባል በሬዲዮ ላይ ማንቀላፋት፣ እግረኛ ሲባል ጥጋብ። ለየሥራው አስቀድሞ የተሰፋ ወንጀል አለን፤ ሰውዬው ሲመጣ ማልበስ ብቻ ነው። ያ ሰው በዚያ መንገድ በመብራት አልባ ሌሊት ስንት ጊዜ ተመላልሶ ውሃ እንዳደረሰ የጠየቀ የለም። ሥራውን የሚያውቅለት፣ የሚያከብርለት አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ “ይህ ሰው እንዲህ አይነዳም፤ እስኪ ጎማውን እንይ” ይል ነበር።

ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እጄን አላነሳሁም። ሾፌሩ ማዕረጉን ተቀነሰ፤ እኔ በዚያው ሳምንት “ታታሪ” ተባልኩ።

የሌላውን ሥራ መናቅና የራስን ጥፋት መደበቅ ለየብቻቸው የሚቆሙ ነውሮች ይመስሉኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን አንደኛው ለሌላኛው ጥላ ሆኖት አይቻለሁ። እኔ የተደበቅሁት ጫካ ውስጥ አይደለም፤ “ሾፌር እኮ ነው” በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ቃሏን ያዘጋጀኋት እኔ አልነበርኩም፤ ሁላችንም በየቡናው ስንቀልድባት የኖርናት ናት። እናንተ በአዳራሽ “በሌላ ሥራ ላይ የነበራችሁ” ስትሉ ያቺን ጥላ ትንሽ ታሰፏታላችሁ፤ ሳታውቁት ነው፤ አሁን ግን ነገርኳችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጠዋት ጭነት የያዘ አይሱዙ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እየጋለ አስቸግሮታል። ሾፌሩ ሲወርድ ግራ ክንዱ ቀጥ እንደማይል አየሁ። ፊቱን ሳላይ አወቅሁት። እሱም አወቀኝ። ተቃቀፍን፣ ልጆች፣ ጤና፣ ማን ሞተ ማን አለ ተባባልን። ቡናው ሳይቀርብ ነገርኩት። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ እንዳላቆም ብዬ ፍጥን ፍጥን አድርጌ ነው የነገርኩት።

“አውቃለሁ” አለኝ። በማግስቱ ዳዶዎቹ መንገዱ ላይ ተለቅመው መጥተውለት ነበር። ክራቸው ደህና ነው፣ የተቆረጠ ቡሎን የለም። “ያልጠበቀ ዳዶ ሾፌር ይጠፋዋል እንዴ?”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”

“በዚያ ሳምንት ስንት መካኒክ ነበረን?”

“ሁለት።”

“አንዱ ቢታሰር በማን እንነዳ ነበር?” አለና ሲኒውን አነሳ። ሲኒውን ሳያስቀምጥ ጨመረበት፤ “ደግሞስ አንተ ትናገራለህ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ግምገማው እስኪያልቅ ፊትህን ሳይ ነበር።”

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ፍሬኑን ሠራሁለት። ሂሳብ አልቀበልም ብዬ ብከራከረው “ሥራ ሠርተሃል” ብሎ ቆጥሮ ሰጠኝ። ሊሄድ ሲል ጎንበስ አለና የስድስቱንም ጎማ ዳዶ አንድ በአንድ በእጁ ነካካ። አልከፋኝም።

ለወጣቶቹም አንድ ነገር አለኝ። የእህቴ ልጅ እዚሁ በዞናችን ጦላይ ሠልጥኖ ተመድቦ ነበር፤ በቀደም በፈቃድ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ኮማንዶ ነው ይላል። እሱም አላስተባበለም። እኔ ጣቶቹን አየሁ፤ የካርቦን ወረቀት ቀለም አለባቸው። ኮማንዶ ካርቦን ምን ያደርግለታል? ለብቻው ስይዘው ግምጃ ቤት እንደሆነ ነገረኝ፣ አንገቱን ደፍቶ። “ሞዴል 19 ላይ የምትፈርመው አንተ ነህ?” አልኩት፤ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን ማለቴ ነው። አዎ አለ። ያኔ ነው አፉ የተፈታው። አንድ ቀን ጫማ ገቢ ሲደረግ ከእሱ በላይ የሆነ ሰው “ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፣ ምን ትቆጥራለህ፣ ፈርም” ብሎት፣ እሱ አልፈርምም ብሎ እስኪመሽ ድረስ ጥንድ በጥንድ ቆጠረ። ጎደለ። የጎደለውን በቀይ ጽፎ ፈረመ። ስለዚህ ነገር ለሰፈሩ ልጆች አልነገራቸውም፤ የነገራቸው ስላልዘለለው ግንብ ነው። እኔ በእሱ ዕድሜ፣ በእሱ ቦታ ብሆን እቆጥር ነበር ብዬ አልምልም። ዳዶ ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ።

ጸሐፊዎችንም እንዳትረሱብኝ። በማኅደር “ፀሐይ” ተብላ በፀሐዩ ፀ ተጽፋ፣ በመታወቂያ በጸሎቱ ጸ በመጻፏ ስትመላለስ የከረመች የጓድ ሚስት አውቃለሁ። እኛ አካባቢ ደግሞ ይብሳል፤ የቀበሌው መታወቂያ በቁቤ ነው፣ የወታደር ቤቱ ማኅደር በአማርኛ፤ አንዱ ፊደል ሲጠብቅ ሌላው ይላላል፣ የሟች ቤተሰብ በመሃል ይንከራተታል። ስሙን በትክክል የጻፈ ጸሐፊ ሲሞት ማንም ተኩስ አይተኩስለትም፤ ቤተሰቡን ያበላው ግን እሱ ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ዘንድሮ መድረክ መሪው “ግንባር የተሰለፋችሁ ወደ ፊት” የሚለውን ከወረቀቱ ይሰርዝ። ወንበር ካነሰ አረጋውያንና ቁስለኞች ከፊት ይቀመጡ፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው፤ ወዳጄም በእግሩ ምክንያት እዚያው ፊት ይቀመጣል። ሰው ሲጠራ ከማዕረጉ ጋር ሥራው ይጠራ፤ እግረኛ፣ መድፈኛ፣ ፈንጂ አምካኝ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ቃሬዛ ተሸካሚ፣ ሾፌር፣ ወጥ ቤት። ሁሉም ስለ ጀግንነቱ እንዲናገር አታስገድዱት፤ “ሥራህ ምን ነበር፣ እንዴት ነበር የምትሠራው?” በሉት፤ ወሬው በዚያ ይበልጥ ይጥማል። እኔ ስለ ሸራውና ስለ ጭሱ ሰምቼ ሳላስበው ሦስተኛውን ሲኒ ጠጥቻለሁ።

እኚያን እናትም ጥሯቸው። መምጣታቸውን እንጃ፤ “ምን ልሠራ” ሊሉ ይችላሉ። እግረኛው ወዳጄ ራሱ ሄዶ ይጠራቸዋል፤ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው አንብቤለታለሁና እሺ ብሎኛል። ትንሽ ተኮሳትሮ ነው እሺ ያለው።

ለራሴ ደግሞ አምስት ደቂቃ ስጡኝ። ያ ግምገማ የተደረገው ሰው ፊት ነው፤ ሾፌሩ የተዋረደው ሰው ፊት ነው። ጋራዥ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን የተባባልነው ለእኔ ቀለለኝ እንጂ የእሱን ስም አላነሳውም። ያኔ ከነበሩት በጅማና በአካባቢው ያሉ ጥቂት ሰዎች እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። እነሱ ባሉበት ዳዶውን ያላጠበቅኩት እኔ መሆኔን በማይክ መናገር እፈልጋለሁ። እሱን አስፈቅጄዋለሁ፤ “ካልክ በል፣ ግን አታርዝመው” ብሎኛል።

ቀኑንና ሰዓቱን ግን ቀደም ብላችሁ አሳውቁኝ። ቡናው መድረስ ስለጀመረ ሾፌሩ ጭነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሊወጣ ይችላል፤ ከወጣ ደግሞ ቶሎ አይመለስም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ፣ የከባድ መኪና መካኒክ
ጅማ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.